እግረኛው ባለ መኪና

ጆሃንስበርግ ውስጥ አንድ ሐበሻ ብቻውን በእግሩ ሲሄድ ካያችሁ ከሦስት ነገር አንዱ ደርሶበታል ማለት ነው፤ ወይ መኪናውን ነጥቀውታል፣ ወይ ባንክ ወስዶበታል፣ ወይ ደግሞ ትንሽ ነካ አድርጎታል። አራተኛ ምክንያት ተሰምቶ አያውቅም። እኔ ነኝ አራተኛውን ያመጣሁት። ሰፈሩም በዚህ ምክንያት ብዙ ተንገላቷል፤ እኔም ብዙ ታዝቤያለሁ፤ መጨረሻው ባያምርም ልንገራችሁ።

የምኖረው ቤሪያ በሚባለው ሰፈር ነው፣ ሊፍቱ ሲሠራ ተከራዩ ሁሉ እልል ሊል ምንም በማይቀረው አንድ ፎቅ ላይ። የከድር ሱቅ ከመንገዱ ማዶ ነው። ከድር የወራቤ ልጅ ነው፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ እንጀራና የስልክ ካርድ ይሸጣል፣ ወሬ ደግሞ በነፃ ያድላል። ከበረንዳዬ ሆኜ ብጠራው «አቤት» ይለኛል። እዚያ ለመሄድ ግን ቁልፌን አነሳለሁ፣ ምድር ቤት እወርዳለሁ፣ ዘበኛውን ቀስቅሼ የጋራዡን በር አስከፍታለሁ፣ መንገዱ ባለ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ ሰፈሩን እዞራለሁ፣ ሮቦት ላይ እቆማለሁ። ሮቦት የምላችሁ የትራፊክ መብራቱን ነው፤ እዚህ አገር ስሙ እንደዚያ ነው። ከዚያ ማቆሚያ ፍለጋ። አንድ ቀን ማቆሚያ ያገኘሁት የራሴው ፎቅ በር ላይ ነበር። አቁሜ፣ ወርጄ፣ መንገዱን ተሻግሬ፣ ሽሮዬን ገዝቼ፣ ተመልሼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁና ዞሬ ጋራዥ አስገባኋት። በዚህ የማፍር እንዳይመስላችሁ። ሁሉም እንደዚሁ ነው።

ፈርተን ነው እንላለን፤ እውነትም እንፈራለን። ግን ፍርሃት ብቻ አይደለም። አገር ቤት ያለ ሰው ደውሎ «እንዴት ነህ?» ሲለን የሚሰማን «ምን ትነዳለህ?» የሚል ነው። መኪናዋ አሮጌ ብትሆንም፣ ግማሽ ጎኗ በሌላ ቀለም ቢለቀለቅም፣ ደህና ነኝ የምንለው በእሷ ነው።

አሁን ወደ እታለም ልምጣ። እታለም ታላቅ እህቴ ናት። እናትና አባታችን ሳልጠግባቸው ስለሞቱ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ደብረ ብርሃን የአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ነበረች፤ ያን የደብረ ብርሃን ብርድ እየሰነጠቀች ከቢሮ ቢሮ ደብዳቤ ስታመላልስ ኖራለች። ሌላው ሰው በእጁ ወይም በአፉ ሠርቶ ይበላል፤ እሷ የበላችው በእግሯ ነው፣ እኔም ያደግሁት በእግሯ ነው። ጡረታ ከወጣች በኋላ እንኳ ባጃጅ ግቢ ሲሏት «ምን ሆኜ?» ትላለች። ያቺን ሴት ዘንድሮ ደም ግፊት ጣላት። ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት፤ ምላሷም ከበዳት። አልጋ ላይ ዋለች።

እኔ ልሄድላት አልቻልኩም። ፔፐር የምንለው የጥገኝነት ወረቀታችን ውጣ ይላል እንጂ ተመለስ አይልም፤ ከወጣሁ ሱቄንም ቤቴንም መሰናበቴ ነው። እሷም «ብትመጣ አላናግርህም» አለች። ስለዚህ ሩቅ ያለ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ተሳልኩ።

«ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ተስዬልሻለሁ፣ እታለም» አልኳት በስልክ።

«ጃንጥላ ሞልቷል» አለችኝ፣ ቃሉ እየተጎተተባት። «ከተሳልክ የሚከብድህን ነገር ተሳል።»

«ምን ይከብደኛል?»

«ሆድህ። የላክኸውን ፎቶ አይቼዋለሁ። ወንበሩ አሳዘነኝ።» ሳቀችና ትንፋሿን እስክትሰበስብ ጠበቅኋት። «እኔ እስክነሳ አንተ ተራመድልኝ። በቤታችን እግር ሥራ ፈትቶ አይደር።»

በቃ፣ ስለቴ ይኸው ሆነ። እታለም በእግሯ እስክትቆም ድረስ ለቅርብ ቦታ መኪና አልነካም፤ ከድር ጋ በእግሬ፣ ፀጉር ቤት በእግሬ፣ ከታች መንገድ ላይ ያለችው የብርድ ልብስ ሱቄም በእግሬ። እንደማደርገው በማርያም ማልኩላት።

የመጀመሪያው ቀን እንደ ዘማች ተዘጋጅቼ ወጣሁ። ብሬን ካልሲዬ ውስጥ፣ ስልኬን ብብቴ ሥር። ሌባ እንዳይቀማኝ ፈጥኜ ስራመድ፣ ፍጥነቴን ያየ ሁሉ እኔን ሌባ አድርጎኝ ቦርሳውን እቅፍ እያደረገ መንገድ ለቀቀልኝ። ማዕዘኑ ላይ መኪና ጠባቂው ጃቡ ቢጫ ሰደርያውን እንደለበሰ አፉን ከፍቶ ቀረ። ጃቡ የዚሁ አገር ሰው ነው፣ በዙሉ ሰላም ብሎ በእንግሊዝኛ ያወራል።

«ሳውቦና፣ ባባ። መኪናህ የት አለች? መኪና ከሌለ እኔ ምን ልጠብቅ?» ዓይነት ነገር ነበር ያለኝ።

«እኔን ጠብቀኛ» አልኩት ለቀልድ።

ቀልዱን ሥራ አድርጎት አረፈ። ዱላውን ይዞ ተከተለኝ። የከድር ሱቅ በር ላይ ስደርስ ፊቴ ቆሞ በሁለት እጁ «ና፣ ና፣ ቀስ፣ ወደ ግራ፣ በቃ» እያለ አቆመኝ። ስወጣም መንገዱን ግራ ቀኝ አይቶ ወደ ኋላዬ አስወጣኝ። ሳንቲሙን ሰጠሁት፤ በደንብ ነው ያቆመኝ።

ወሬው ግን ቀድሞኝ ገብቶ ኖሯል። ከድር ከባንኮኒው ወጥቶ አቀፈኝ። «አብሽር ወንድሜ፣ ንብረት ይተካል። ዋናው ነፍስህ ናት።»

«መኪናዬ እኮ ጋራዥ ናት» አልኩት።

«እሺ» አለኝ። እሺ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ለታመመ ሰው የሚባለውን እሺ ነው ያለኝ። ወሬው ሶዌቶ ሲደርስ ሽጉጥ ተጨመረበት። ጻካኔ ሲደርስ እኔ ቆስያለሁ፤ አንድ የጻካኔ ባለ ሱቅ ደውሎ የት ሆስፒታል እንደተኛሁ ራሴን ጠየቀኝ።

ከሁሉ የባሱት ጋሽ ታደሰ ናቸው። ጋሽ ታደሰ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መኪናቸው መኝታ ቤት ቢገባላቸው ከአልጋ ወደ ሻወር በመኪና ይሄዱ ነበር። ከኋላዬ መጥተው መስኮታቸውን አወረዱ።

«ግባ ልጄ፣ ሰው አየን።»

«ስለት ነው፣ ጋሽ ታደሰ።»

«ስለቱን መኪና ውስጥ ቁጭ ብለህ ብትፈጽመውስ?»

እንቢ ስላቸው ጥለውኝ መሄድ አልሆነላቸውም። በእኔ እርምጃ ልክ፣ መብራታቸውን ብልጭ ድርግም እያደረጉ፣ እስከ ሱቄ ከኋላዬ አዘገሙ። የታክሲ ሾፌሮች በጡሩምባ አደነቆሩን። አንዲት በቆሎ ጠባሽ «ሠርግ ነው ቀብር?» ብላ ጮክ ብላ ጠየቀች። እኔ ሳቅሁ። ጋሽ ታደሰ አልሳቁም፤ እሳቸው በእንዲህ ዓይነት ነገር አይቀልዱም።

ማታ ማታ ለእታለም እደውላለሁ። «ዛሬስ የት አደረስኸኝ?» ትለኛለች። እኔን አይደለም፣ እሷን ነው የማደርሰው። እነግራታለሁ። ልብስ ሰፊዋን፣ በቆሎ ጠባሿን፣ በራችን ላይ ያለችውን ወይን ጠጅ አበባ የምታረግፍ ዛፍ። ዛፏን ለዓመታት የማውቃት የመኪናዬን መስታወት በማቆሸሿ ነበር፤ ቀና ብዬ አይቻት አላውቅም። እታለም «ምን ትመስላለች?» ብላ ደግማ ደጋግማ ታስነግረኛለች። ስለ ጃቡ ስነግራት ሳቋ አሳላት፤ ልጇ ሰላም ስልኩን ነጥቃ ተቆጣችኝ።

አንድ ማታ ታዲያ «አውራ ጣቴ ተነቃነቀ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ። የኔ እርምጃ ደብረ ብርሃን ድረስ ይሠራል ማለት ነው። ለከድር ነገርኩት፣ ለጋሽ ታደሰ ነገርኳቸው፣ ለጃቡ ነገርኩት፤ ጃቡ ባይገባውም አጨበጨበ። ሂሳቡንም ሠራሁት፤ አውራ ጣት በከድር ሱቅ ከተነቃነቀች፣ ቁርጭምጭሚት ቢያንስ አጎራባቹ ሰፈር ሂልብሮው ደርሶ መልስ ሳትፈልግ አትቀርም። ማክሰኞ ማታ ነገርኳት። «ነገ ሂልብሮው ነው የማደርስሽ።»

«እንዳይደክምህ» አለችኝ።

ረቡዕ ሂልብሮው ሄጄ መጣሁ። ጫማዬ ተረከዙ ላይ ተቀደደ፤ ደስ አለኝ። ማታ ስደውል ሰላም አነሳችው። «መድኃኒት ወስዳ ተኝታለች» አለችኝ። ጉንፋን ይዟታል መሰለኝ፣ ድምጿ ወፍሯል።

ሐሙስ ጠዋት ሰፈሩ ተለወጠብኝ። ከድር ቴሌቪዥኑን አጥፍቷል። ሁለት እንጀራና ሽንኩርት አንስቼ ብር ሳወጣ «ተወው» አለኝ። ከድር «ተወው» የሚል ቃል ከአፉ ሲወጣ የሰማ የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም። «ለምን?» ስለው ሽንኩርት መደርደር ጀመረ፤ የተደረደረውን ሽንኩርት።

ከዚያ ቢኒ ጋ ሄድኩ። ቢኒ በአንዲት ጠባብ ክፍል ፀጉርም ስልክም ያስተካክላል፤ ምላጭ ይዞ እንኳ አፉ አያርፍም። ያን ቀን ቀና ብሎም አላየኝም። ተቀመጥኩና ጢሜን ላጨው አልኩት።

«ተወው፣ ያምርብሃል» አለኝ።

«ይበላኛል እኮ።»

«ማሽኑ ተበላሽቷል።» ማሽኑ ከፊቱ ባለው ሰውዬ ጭንቅላት ላይ እየጮኸ ነው። «ይልቅ ስልክህን አምጣ፣ ቫይረስ ገብቶበታል። ፌስቡክ እንዳትከፍት። እስከ ቅዳሜ እኔ ጋ ይዋል።» ስልኬን ከእጄ ነጠቀኝና አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ ሰጠኝ። የእታለም ቁጥር ያለው በተወሰደው ላይ ስለነበር ያን ማታም በማግስቱም መደወል አልቻልኩም። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ የሚስተካከለውን ጢሜን አላስተካክልም ብሎ ደህናውን ስልኬን ላስተካክል አለ።

ሱቄ እስክደርስ ነገሩን አሰብኩት፤ በመጨረሻም ገባኝ መሰለኝ። እነዚህ ሰዎች ከስሯል ብለው ደምድመዋል። ከድር ዋጋ የተወው ለዚያ ነው፤ ቢኒ ስልኬን የያዘው አበዳሪ እንዳያገኘኝ ነው። ጋሽ ታደሰ እንኳ ከሩቅ ሲያዩኝ መኪናቸውን አዙረው በሌላ መንገድ ሄዱ። ደሜ ፈላ። ችግር እችላለሁ፤ በነፃ የሚታዘንልኝን ሐዘን ግን አልችልም።

ዓርብ ጠዋት ጋራዥ ወረድኩ። አቧራዋን ጠርጌ ገባሁ። ሰፈሩን ሦስቴ በጡሩምባ ዞሬ፣ የከድር ሱቅ በር ላይ አቁሜ፣ ቁልፌን ባንኮኒው ላይ ላስቀምጥና አፋቸውን ላስይዝ ነው። ሞተሯን አስነሳኋት። ድምጿ እንዴት ናፍቆኝ ኖሯል። እግሬን ነዳጁ ላይ ሳደርግ ግን አውራ ጣቴ ጫማዬ ውስጥ ስትነቃነቅ ተሰማችኝ፤ የእታለም አውራ ጣት ትዝ አለችኝ። አሁን ብነዳና ያቺ ጣት ብትቆምስ? አጠፋኋትና ወረድኩ። ቁልፉን ግን ይዤ ወጣሁ። በጣቴ እያሽከረከርኩ፣ እያንሿኳኳሁ፣ ባለ መኪና መሆኔ ለሰማይም ለምድርም እንዲታይ አድርጌ ተራመድኩ።

ጃቡ ማዕዘኑ ላይ ቆሟል። «ና፣ ና» አላለኝም። ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘና ከጎኔ ሄደ። ሳንቲም ስሰጠው ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ነው የምር የደነገጥኩት። ጃቡም አዘነልኝ ማለት ነው።

ከድር ሱቅ ስገባ ሰው ሞልቷል፤ ቢኒም አለ፣ ጋሽ ታደሰም ጥጉ ላይ ካርቶን ላይ ተቀምጠዋል። ስገባ ወሬያቸውን እንደ ቧንቧ ዘጉት። እኔም ቁልፉን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸውና የተዘጋጀሁበትን ንግግር ጀመርኩ።

«ስሙኝ፣ ወገኖቼ። አልከሰርኩም። መኪናዬም ይኸው ቁልፏ፣ ሱቄም ይኸው ክፍት ነው። አትዘኑልኝ። እኔ የምራመደው ለእታለም ነው። እሷ እስክትነሳ ነው፤ እሱም ትንሽ ነው የቀራት፣ ጣቷ ተነቃንቋል። ስትነሳ በዚችው መኪና ሁላችሁንም ጭኜ እጋብዛችኋለሁ።»

ከድር ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ጭንቅላቱን አስገባና እዚያው ቀረ። ቢኒ ወጣ። ጋሽ ታደሰ ከካርቶኑ ተነስተው ትከሻዬን ያዙኝ። «ጫማህ ተቀዷል፣ ልጄ» አሉኝ። «ሌላ ጫማ የለህም?»

«አለኝ» አልኳቸው። ንግግሬ እንዳሳፈራቸው ቆጥሬ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ገና ወገግ ሲል፣ ዳቦ ልገዛ በእግሬ ልወርድ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። በመስኮት ወደ ታች አየሁ። በመንገዱ መሀል ሰዎች እየመጡ ነው፣ በእግራቸው። ፊት ፊት ጋሽ ታደሰ ከዘራቸውን ይዘው ያነክሳሉ። ከድር ከጎናቸው ነው። ቢኒ አለ፤ ከሶዌቶና ከጻካኔ የመጡ ባለ ሱቆች አሉ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች አሉ። መኪና የለም። ጃቡ ከኋላ ሆኖ ያጅባቸዋል።

መጀመሪያ ላይ ላሾፍ ሞከርኩ። ስለቴ ተስፋፋ፣ ሰፈሩ ሁሉ መራመድ ጀመረ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አላዋጣኝም። መግቢያዬ ላይ ሐበሻ ብቻውን በእግሩ የሚሄድበትን ምክንያት ቆጥሬላችኋለሁ። ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ነጠላ አዘቅዝቆ የሚሄድበት ምክንያት ግን አንድ ብቻ ነው። በእኛ ሞት በስልክ አይነገርም። ሰው እስኪሰበሰብ ይደበቃል፤ ከዚያ በሌሊት ልብስህ ሳለህ በር ይንኳኳል፤ መርዶ ነው። መኪናቸውን ራቅ አድርገው ያቆሙት ደግሞ ድምፁን ሰምቼ ብቻዬን እንዳልደነግጥ ነው።

በሩን ካልከፈትኩ እታለም አለች። እንዲህ ብዬ አሰብኩ። ሊፍቱ አይሠራም፤ የጋሽ ታደሰ ከዘራ ደረጃው ላይ ኳ፣ ኳ ሲል ይሰማኛል፤ በየደረጃው ይቆማሉ፣ ያቃስታሉ። ያ ጉልበት እኔ ቤት ድረስ ሊወጣ ነው። በኋላ ሰው ለምን ወረድክ ሲለኝ ሌላ የምለው የለኝም፤ ሽማግሌውን ደረጃ ማስወጣት ከብዶኝ ነው። ማሰሪያውን አሰርኩና ወረድኩ።

መሀል ደረጃ ላይ ተገናኘን። ጋሽ ታደሰ ትንፋሽ አጥሯቸው ከዘራቸው ላይ ተደግፈዋል።

«መቼ?» አልኳቸው።

«ረቡዕ፣ ልጄ። ጠዋት።»

ረቡዕ ሂልብሮው ነበርኩ። እሷን ላደርስ። «ታዲያ ሐሙስና ዓርብ ለማን ነው የተራመድኩት?» አልኩ። «ስሄድ እያያችሁኝ?»

ከድር ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ በመዳፉ ፊቱን ሸፈነ። ጋሽ ታደሰም ቀስ ብለው ከጎኑ ተቀመጡና ጉልበታቸውን እያሹ አለቀሱ። «አላስቆምንህም» አሉኝ። «ሁላችንም ላስቁመው እያልን ወጥተናል። አሁን ካስቆምነው መሞቷ ነው አልን። አንተ ስትሄድ እሷም ያለች እየመሰለን ተውንህ።»

እዚያው ደረጃ ላይ አለቀስን። ከታች ጃቡ ኮፍያውን ይዞ ቆሞ ነበር። ከድር ነበር አስቀድሞ የነገረው። ሴቶቹ እታለምን በስሟ እየጠሩ አለቀሱላት፤ አይተዋት አያውቁም፣ ግን ከእኔ ወሬ የተነሳ ጎረቤታቸው ሆና ነበር። ዛፏንም፣ በቆሎ ጠባሿንም፣ ጣቷንም እየጠሩ አለቀሱ።

ሰላም በኋላ በስልክ ነገረችኝ። ረቡዕ ንጋት ላይ እታለም ነቅታ «ሂልብሮው ሩቅ ነው እንዴ?» ብላ ጠይቃታለች። ሰላም ምን ታውቃለች፤ «ቅርብ ነው» ብላታለች።

አሁን ወር አልፎታል። መኪናዬ ቆማ ባትሪዋ ሞቷል። ጋሽ ታደሰ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ከጉልበታቸው ጋር እየተጣሉ እስከ ማዕዘኑ አብረውኝ ይሄዳሉ። የንስሐ አባቴም ስለቱ ተፈትቷል፣ ከእንግዲህ ንዳ ብለውኛል። እሳቸው ካሉ ተፈትቷል፤ እኔም አምኛለሁ። ግን ማታ ከድር ሱቅ ስወጣ ዛሬስ የት አደረስኋት እያልኩ አንድ ዙር እጨምራለሁ። ጃቡም ግራ ቀኙን አይቶ ያስወጣኛል። እኔን ሰው ተሰብስቦ አርድቶኛል፤ እግሬን ግን እስካሁን ያረዳው የለም።